የማዳበሪያ ከረጢት ዋሻ

ውሻችን ጎረቤታችንን የነከሳቸው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ነቀምቴ፣ ጨለለቂ ሰፈር ውስጥ፣ ከእኛ ጋር አጥር የሚጋሩ አሮጊት ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ «አዴ»፣ እናት እንደ ማለት፣ እያለ ይጠራቸዋል። ወንፊት ተውሰው ነበርና ሊመልሱ መጡ። እኔ ልብስ ሳሰጣ በሩን ገፋ አድርገው ገቡ። የውሻው ሰንሰለት የታሰረበት ሽቦ መላላቱን አውቅ ነበር። ከሳምንት በፊት አይቼው፣ ነገ አጠብቀዋለሁ ብዬ ትቼዋለሁ።

ጩኸት ሰምቼ ስዞር ሽቦው ተፈትቶ ውሻው ባታቸውን ይዟል። ወንፊቱ ተንከባሎ አጥር ሥር ወድቋል። በምን ኃይል እንዳላቀቅሁት አላውቅም። ባለቤቴ ባጃጅ ጠርቶ ሐኪም ቤት ወሰድናቸው፤ መንገዱን ሁሉ ነጠላቸውን ቁስሉ ላይ ጫን አድርጌ ይዤ ነበር። እሳቸው አንዴም አላዩኝም።

ሐኪሙ የእብድ ውሻ መርፌ በዚያው ቀን አስጀመራቸው። ለእኛ ደግሞ «ውሻውን እንዳትገድሉት። አስር ቀን አስራችሁ ተመልከቱት፤ ምግብ እንቢ ካለ ወይም ጠባዩ ከተለወጠ ሮጣችሁ ንገሩን» አለን።

እነዚያን አስር ቀናት እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። በየጠዋቱ አዴ በአጥሩ ቀዳዳ ይጣሩ ነበር።

«ኢንተላ ኮ!» ይላሉ። ልጄ ማለታቸው ነው። «ዛሬስ በላ?»

«በልቷል፣ አዴ።»

«ውሃስ ጠጣ?»

«ጠጥቷል።»

በስድስተኛው ቀን አልበላም። ሳህኑን በአፍንጫው ገፋ አድርጎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አዴ ሲጠይቁኝ «በልቷል» አልኩ። ያን ቀን ሥራ አልሄድኩም። ከሰንሰለቱ ሦስት እርምጃ ርቄ በርጩማ ላይ ተቀምጬ አፉን፣ ዓይኑን፣ አተነፋፈሱን ሳይ ዋልኩ። እስከ ምሳ ካልበላ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ምሳ አለፈ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልኩ። አሥር ሰዓት ሲሆን ተነስቶ ሳህኑን ላሰና እኔ አለቀስኩ። ያን ውሸት እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም።

አስሩ ቀን አለፈና ውሻው ጤነኛ መሆኑ ታወቀ። ይሁን እንጂ ሰፈሩ አልረጋም። ሁለት ሽማግሌዎች መጥተው ከባለቤቴ ጋር ተነጋገሩ። ውሻውን እንድንገራው አንድ ወር ሰጡን፤ በወሩ መጨረሻ አዴ ባሉበት ያዩታል፤ የማይታዘዝ ከሆነ ይወገዳል። ማስወገድ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ መርዝ የተቀባ ሥጋ ነው።

«እውነታቸውን ነው» አለኝ ባለቤቴ። «ውሻ በውሻ ይተካል።»

«ሽቦውን ያላጠበቅሁት እኔ ነኝ» አልኩት።

ውሻው ከጊምቢ፣ ከባለቤቴ ዘመዶች፣ ቡችላ ሆኖ የመጣልን ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ቀን ቀን ታስሮ ይውላል፤ ማታ ይፈታል። በቀን ከሰንሰለቱ ርዝመት አልፎ አያውቅም። አንድ ጊዜ ስልክ ላይ ውሾች በዘንግ ላይ ሲዘሉ፣ ዋሻ ውስጥ ሲሹለከለኩ፣ ባለቤታቸው ቁም ሲላቸው ሲቆሙ አይቼ ነበር። ያ ትዝ አለኝ። ዕቃው ይገዛ እንደሆነ አላውቅም፤ ቢገዛም አቅሜ አይደለም።

ስለዚህ ጓሮ ያለውን ሰበሰብኩ። ሁለት የባሕር ዛፍ እንጨት ተከልኩና ምስማር መታሁባቸው፤ መሐላቸው ላይ አግዳሚ ዘንግ አኖርኩ። መጀመሪያ ዘንጉን አጥብቄ አስሬው ውሻው ደረቱን ተላጠ። ከዚያ በኋላ ሲነካ እንዲወድቅ ምስማሩ ላይ ብቻ አስቀመጥኩት። ከጎሚስታው አሮጌ የመኪና ጎማ ለምኜ ጓሮ ያለው ማንጎ ዛፍ ላይ በገመድ አንጠለጠልኩ። የተጣለ በር በአራት ብሎኬት ላይ አጋደምኩ፤ እሱ መቀመጫው ሆነ። ዋሻውን የሠራሁት ከሰባት የማዳበሪያ ከረጢት ነው። ቂጣቸውን ቆርጬ፣ አንዱን ከአንዱ ጋር በጆንያ መርፌና በሲባጎ ሰፍቼ፣ ከረጢቱ እንዳይረግብ የውሃ ፕላስቲክ ቱቦ እንደ ቀለበት አጥፌ ውስጡ አስገባሁ።

ትዕዛዙ በኦሮምኛ ነበር፤ ውሻው አማርኛ አይሰማም። «ኡታሊ» ስለው ይዘላል፣ «ታኢ» ስለው ይቀመጣል፣ «ኮቱ» ስለው ይመጣል። ይህን ሁሉ ከልኳንዳ ባመጣሁት ሳንባ ቁራጭ በቁራጭ አስተማርኩት። ዘንጉን በአራት ቀን ለመደ። በሩ ላይ ወጥቶ ውረድ እስክለው መቀመጥም ቻለ።

ዋሻውን ግን እንቢ አለ። አንድ ቀን ቸኩዬ ከኋላው ገፋሁት። ዞሮ ጥርሱን አሳየኝ፤ ከጉሮሮው የወጣው ድምፅ ያን ቅዳሜ የሰማሁት ነው። እጄን ቀስ ብዬ መለስኩ። «ተይው በቃ» አለ ባለቤቴ ከበረንዳው። አልተውኩትም፤ መግፋቱን ግን ተውኩ። ዋሻውን አጣጥፌ ከክንድ የማይረዝም አደረግሁት። ባለቤቴ በወዲያኛው ጫፍ ሳንባ ይዞ ተንበረከከ፤ ውሻው አንገቱን ብቻ አስገብቶ ወሰደ። ሙሉውን እስኪያልፍበት ድረስ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ዘረጋነው።

ወሩ ሲያልቅ ሽማግሌዎቹ ከአዴ ጋር መጡ። አዴ ምርኩዝ ይዘው ያነክሱ ነበር፤ በርጩማ ላይ አስቀመጥናቸው። ሽማግሌዎቹ ረጅም ገመድ አንገቱ ላይ ይሁን አሉ፤ ባለቤቴ ጫፉን ያዘ። ዘንጉን ዘለለ። በጎማው አለፈ። በሩ ላይ ተቀመጠ። አንደኛው ሽማግሌ በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ።

«ይህ ጨዋታ ነው» አሉ አዴ። «ለእናንተ ይታዘዛል። እኔን ሲያይስ?» ተነስተው ከዋሻው መውጫ አምስት እርምጃ ያህል ርቀው ቆሙ።

«አዴ፣ እባክዎ፣ እዚያ አይቁሙ» አልኩ።

«የነከሰው እኔን ነው። እኔው ልየው።»

እንቢ ማለት ነበረብኝ። ገመድ አለ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ውሻው ገባ። ከረጢቱ ተንቀሳቀሰ፤ መሐል ላይ ሲደርስ ቆመ። ገመዱ የፕላስቲክ ቱቦው ጫፍ ላይ ተጠምጥሞ ይዞታል። ውስጥ መንፈራገጥ፣ ማቃሰት ጀመረ፤ ዋሻው በሙሉ ተገለባበጠ። «ይታነቃል! ልቀቀው!» ብዬ ጮህኩ። ባለቤቴ ለቀቀ። የሰፋሁት ተቀደደና ውሻው ገመዱን እየጎተተ ተወርውሮ ወጣ፤ ከአዴ ፊት ለፊት።

አዴ ምርኩዛቸውን አነሱ። ውሻው ደርቆ ቆመ፤ የጀርባው ፀጉር ተነሳ። ከእኔ እስከ እሱ ያለው ርቀት ተሮጦ የሚደረስበት አልነበረም።

«ታኢ» አልኩ። ድምፄ አልወጣም። «ታኢ!»

አልተቀመጠም። ዓይኑ ምርኩዙ ላይ ነው።

«አዴ፣ ምርኩዙን ያውርዱት። በቀስታ።»

ቀስ አድርገው አወረዱት። ደግሜ «ታኢ» አልኩ። ጆሮው ወደ እኔ ዞረ። ቂጡን ዝቅ አደረገ፣ መሬት ሳይነካ ተነሳ፣ እንደገና ዝቅ አለና ተቀመጠ። ሄጄ አንገቱን ስይዝ ከእኔ ይብስ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አዴ በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ውሻውን እያዩ «እሱም እኔን ይፈራል ለካ» አሉ። ሽማግሌዎቹ ፍርዱን ለእሳቸው ተዉላቸው።

«ይቆይ» አሉ። «እኔ ግን አልወደውም። እንድወደው እንዳትጠይቂኝ።»

«አልጠይቅም።»

በማግስቱ ባለቤቴ ለግቢው በር ከውስጥ የሚቆለፍ መወርወሪያ ገጠመለት። አዴ እንደገና ለመግባት ሁለት ወር ፈጀባቸው። ሲመጡም ውጭ ቆመው ይጣራሉ፤ ወጥቼ ውሻውን ሳላስቀምጠው አይገቡም። እሱ ይቀመጣል፤ እሳቸውም ዓይናቸውን ሳይነቅሉ በጎኑ ያልፋሉ።