ዝም ላለ ሰው ቦታ

ታላቅ ወንድሜ ጋሼ በመሬታችን ጉዳይ በተጠራው ስብሰባ ላይ ዝም ስላሉ «ተስማምተዋል» መባላቸው በደል ነው፤ ይህ ይታወቅልኝ። ያን ጊዜ ሱሉልታ አዲስ አበባን ወደ እኛ መሬት በሚያሰፋው ማስተር ፕላን ታምሳ ነበር። ጋሼ ለሽምግልና በተቀመጡ ቁጥር «ዝም ያለውንም ጠይቁት፤ ዝምታውን አትተርጉሙበት» ይሉ ነበር። እሳቸውን ግን ማንም አልጠየቀም። በዚያው ክረምት አረፉ። ደጃፋችን ላይ የሚቀመጡበት ድንጋይ ዛሬም ባዶውን ነው።

የልጅ ልጄ የቴሌስኮፖችን ሥራ በኮምፒውተር ታስመስላለች። ከጠፈር የመጣ ቅንጣት አየሩን ሲመታ የሚፈነጥቀውን ብርሃን ብዙ ቴሌስኮፖች ይጠብቃሉ፤ እሷ በኮምፒውተሩ ውስጥ ለእያንዳንዱ ያየውን የምታኖርበት የራሱን ቦታ ታበጃለች።

«አንዱ ምንም ሳይነግራችሁ ቢቀርስ፣ እንደ ሌሎቹ አይቷል ትላላችሁ?» አልኳት።

«ኧረ እማዬ! ቦታው ባዶ ሆኖ ይጠበቅለታል እንጂ የሌሎቹን ቃል አንሞላበትም።»