እትዬ ብርቄ ያልተቀበሉት ግጥም

«አዝማሪ ሞተች ብለሽ ነው ጥቁር የለበስሽው? አውልቂውና ለልጄ ሠርግ መጥተሽ ዝፈኝ።»

ይህን ደባርቅ ገበያ መሐል ፊት ለፊት የነገሩኝ ባለመሬቱ ቀኛዝማች ናቸው። የእናቴ እህት፣ ዘፈንም ያስተማሩኝ እትዬ ብርቄ፣ ዳባት ላይ ካረፉ ገና አርባቸው አልወጣም ነበር። እሺ አልኋቸው። በሠርጉ ላይ ስለሆነው ነገር ብዙ ስለተወራ፣ እትዬን የምታውቁ ሁሉ ከእኔ ከራሴ ስሙት።

እትዬ ዳባት ተወልደው ከአባታቸው መሲንቆ ሥር አደጉ። በወጣትነታቸው በጭነት መኪና ሊማሊሞን ወርደው አስመራ ገቡ። እዚያ የአሜሪካ ወታደሮች በሚያዘወትሩት ቡና ቤት ሲዘፍኑ፣ «ሪትም ኤንድ ብሉዝ» የሚባለውን የጥቁሮቹን ዘፈን ከሸክላ እየሰሙ ለመዱ። ሳክስፎን ከኋላቸው ሲነፋ ትዝታን በእንግሊዝኛው ስልት፣ የእንግሊዝኛውንም በትዝታ ይጫወቱት ነበር። ትግርኛ ሲዘፍኑ የትግራይ ልጅ ይመስላሉ፤ ፉከራ ሲይዙ ወንዶቹ ከመቀመጫቸው ይነሳሉ። ደባርቅ ተመልሰው በጠጅ ቤቶች ሲዘፍኑ፣ ጎንደር ማደር የሚችሉ ሾፌሮች ለእሳቸው ሲሉ ደባርቅ ያድሩ ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሙሿቸው ነው። አንድ የመኪና ረዳት ሊማሊሞ ላይ ወድቆ ሲሞት አገሩን እንኳ የሚያውቅ ጠፋ። እትዬ ሳይጠሩ ሄዱ። ሾፌሩ ስሙን በቅጡ እንደማያውቅ እያፈረ ሲነግራቸው፣ «ስሙን ተወው ልጄ፤ ምን ያስቀው ነበር?» አሉት። ፍየሎች መንገድ ሲዘጉባቸው ይስቅ ኖሯል። ያንን ገጠሙለት፤ ዘመድ ያልነበረውን ልጅ ከተማው አለቀሰለት።

ከቀኛዝማች ጋር ያጣላቸው ግጥም ነው። መቼም አዝማሪ ግጥም ተሰጥቶት «ተቀበል» ከተባለ መልሶ ማዜም ግዴታው ነው። ቀኛዝማች በበኩር ልጃቸው ሠርግ ላይ የእትዬን ሟች አባት ከማዕዳቸው ሥር አጥንት የሚጠብቅ ውሻ የሚያደርግ ግጥም ሰጡና «ተቀበይ» አሉ። እትዬ «ሌላ ይስጡኝ ጌታዬ፤ ይሄንን ጉሮሮዬ እምቢ አለኝ» አሉና በእንግሊዝኛው ቀጠሉ። በር ላይ የቆሙት ሾፌሮች አጨበጨቡ። ቀኛዝማች ግጥማቸው ሲመለስ ሊሰሙ አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ። እትዬ ያንን ፊት ባስታወሱ ቁጥር እስኪያስላቸው ይስቁ ነበር።

ቀኛዝማች ግን አልረሱም። ከዚያ ወዲህ ለእትዬ በሩን የሚከፍት ጠጅ ቤት ደባርቅ ላይ ጠፋ። ዳባት ገብተው፣ ዘፈን ትተው ያለ ዕድሜያቸው አረጁ። ሲሞቱም ቀኛዝማች፣ ለዚያች ሴት ድምፁን ያሰማ ጭሰኛ መሬቴን ይልቀቅ ብለው አስነገሩ። ካህናቱ ፍትሐቱን አደረሱ፣ አፈር ተመለሰ፤ አንዲት ሴት እንኳ ሙሾ አላወጣችም። ለሰው ሁሉ ያለቀሱት እትዬ ያለልቅሶ ተቀበሩ። ወሬው ጎንደር፣ ትምህርት ቤት ሲደርሰኝ ሁሉም አልቆ ነበር።

ሙሽራይቱ ልጃቸው አልበደለችኝም። ይህንን አውቄ ነው የሄድሁት። ነጭ ለብሼ፣ ጥቁሩን ነጠላ አጣጥፌ ይዤ።

ዳሱ ሞልቷል። ቀኛዝማች ቤታቸውን የሚያወድስ ግጥም ሰጡኝና «ተቀበይ» አሉ።

እትዬ፣ እርስዎን ምን ያስቅዎ እንደነበር ማንንም መጠየቅ አላስፈለገኝም። በሠርግ ዳስ፣ በሙሾ ዜማ እንዲህ አልሁልዎ፦

«ግጥሙን ሰጥቶ ጌታው አፉን ከፍቶ አለ፣
ስቀሽ ሂጂ ብርቄ፣ ተቀባይ የታለ?»

አፋቸው እውነትም ተከፍቶ ነበር። መጀመሪያ ከጓዳ በኩል አንዲት አሮጊት ደረቷን መታች። ከዚያ የጭሰኞቹ ሚስቶች ተነሡ፤ ከዚያ ባሎቻቸው። ቀኛዝማች ዝም በሉ ቢሉ ማን ይስማቸው። ሁሉንም ከመሬታቸው ያስነሡ እንደሁ ያስነሡ። የተለቀሰው የእርስዎ ልቅሶ ነው እትዬ፤ በእሳቸው ድግስ፣ በእሳቸው ዳስ።

በደህና ይሂዱ። ጥቁሩን ነጠላ ደረብሁና በዳሱ መሐል አልፌ ወጣሁ።