ያልለካሁት ቁመት

ትናንት ከመርሳ ስመለስ መንገድ ዳር ከምትሸጥ ሴት አንድ እስር ጥንቅሽ ገዛሁና፣ ወልድያ እስክደርስ መታገስ አቅቶኝ፣ የረዳቱን ግልምጫ ችዬ ሚኒባሱ ውስጥ አንዱን በጥርሴ መላጥ ጀመርኩ፤ ዶክተር መባሌ ለጊዜው ተረሳ። ሲሪንቃን ስናልፍ ግን የእርጥቡ አገዳ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባና መላጡን ተውኩት። እዚያ አካባቢ ካለ አንድ የማሽላ ማሳ ጋር ያልጨረስኩት ጉዳይ አለኝ።

ያኔ ወልድያ እያስተማርኩ የስታቲስቲክስ ዶክትሬቴን ለመጨረስ የምሯሯጥ፣ ልጄን ሰሚራን መርሳ ለታላቅ እህቴ ለእትዬ ዘሀራ ሰጥቼ ቅዳሜ ቅዳሜ የምጎበኝ እናት ነበርኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ እላለሁ እንጂ የምቀርበት ቅዳሜ ከምሄድበት ይበልጥ ነበር። ሰሚራ አምስት ዓመቷ ነው፤ እመጣለሁ ባልኩ ቀን ፊቷን ታጥባ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ እንግዳ እንደሚጠብቅ ሰው በር ላይ ትቀመጣለች። ያ ጨዋነቷ ብታለቅስ ከሚያመኝ በላይ ያመኝ ነበር።

ጥናቴ የማሽላ ዝርያዎችን ማወዳደር ነበር። ሼህ ሰይድ የተባሉ አዛውንት ገበሬ ማሳቸውን ሰጡን፤ ማሳው በትንንሽ መደብ ተከፋፈለ፣ የትኛው ዝርያ የት እንደሚዘራ በዕጣ ወጣ፣ በየመደቡ የፊተኛ አገዳ ላይም ቁጥር የተጻፈበት ካርድ በሲባጎ ታሰረ። የእኔ ሥራ ካርዱን እያነበብኩ የአገዳዎቹን ቁመት በረጅም ዘንግ እየለካሁ መመዝገብ ነበር። አንድ የጥቅምት ቀን እትዬ ዘሀራ ለቅሶ ስለሄደች ሰሚራን ማሳው ድረስ ይዣት መጣሁ። ምን እንደማደርግ ስትጠይቀኝ፣ ዓይኔን ከደብተሩ ሳላነሳ፣ «ማደጋቸውን እያየሁ ነው» አልኳት። ከዚያ ወዲያ ረሳኋት፤ እውነቱ ይኸው ነው።

ቀና ስል ከፊቴ ያሉት መደቦች ካርድ የላቸውም። ሰሚራ ረድፉ መጨረሻ ላይ፣ የፈታቻቸውን ካርዶች በሙሉ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ተረከዟን ገጥማ፣ አገጯን ቀና አድርጋ፣ ቀጥ ብላ ቆማለች። የዓመት ልፋቴ ገደል የገባ መሰለኝና እጇን መታኋት። አላለቀሰችም፤ ካርዶቹን አንድ በአንድ እያወለቀች ሰጠችኝ።

ሼህ ሰይድ ከማሳው ዳር ሆነው ሁሉንም አይተው ኖሯል። «ተይ እንጅ ልጄ፣ ልትለኪያት እኮ ነው የቆመችው። አንች ካርድ የታሰረለትን እንጅ ሌላውን መች ታያለሽ» አሉኝ። ከዚያ ሰሚራን ወደ ራሳቸው አስጠግተው፣ «አብሽሪ የኔ እናት» እያሉ ጥንቅሽ ላጡላት።

ዘንጉ እጄ ላይ ነበር። ሁለት እርምጃ ሄጄ ብለካት የሚፈጀው አንድ ደቂቃ ነው። ወደ ወልድያ የሚመልሰኝ የሥራ መኪና ግን ጥሩንባውን ነፋ፤ «ቅዳሜ እለካሻለሁ» አልኳትና መርሳ እንዲያደርሷት ሼህ ሰይድን አደራ ብዬ ሄድኩ። የማሳው ካርታ ለካ ቢሮዬ መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ በማግስቱ ካርዶቹን በየቦታቸው ለመመለስ ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀብኝም። ቅዳሜ ደግሞ የምጨርሰው ምዕራፍ ነበረኝ፤ የሚቀጥለውም ቅዳሜ እንዲሁ አለፈ። በመጨረሻ ስሄድ ማሽላው ታጭዷል። ሰሚራ ስለመለካት አላነሳችም፣ እኔም ደፍሬ አላነሳሁም።

አሁን ተማሪዎቼን የጎደለ መረጃ እንዴት እንደሚሞላ አስተምራለሁ፤ ከመሙላታችሁ በፊት ለምን እንደጎደለ እወቁ እላቸዋለሁ። የዚያ ማሳ አገዳዎች ቁመት አንድም ሳይቀር መመረቂያ ጽሑፌ ውስጥ ሰፍሯል። የልጄ የአምስት ዓመት ቁመት የትም የለም፤ ለምን እንደጎደለም አሳምሬ አውቃለሁ፤ በዚህ ራሴን ይቅር ብዬ አላውቅም።

ትናንት ቤት ስደርስ ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት የመጣችው ሰሚራ በሩን ከፈተችልኝ። ስታቅፈኝ አናቴ አገጯ ሥር ነው የሚቀረው። ጥንቅሹን በጉልበቷ ሰብራ ጣፋጩን መሃሉን ለእኔ ሰጠችኝ። እኔ ከመሳቢያ የልብስ ሜትር አወጣሁና፣ ለምን እንደሆነ ሳልነግራት፣ «ነይማ ልለካሽ» አልኳት።

ሳቀች። «እማ፣ እኔ እኮ ማደግ ጨርሻለሁ» አለችኝና ልጣጩን ሰብስባ ወደ ጓሮ ወጣች። ሜትሩን ጠቅልዬ ወደ ቦታው መለስኩት።