የድንኳን ሰፈሯ ቦኖ ጠባቂ

ሰቆጣ ውስጥ ድንኳን ሰፈር የሚባል ቦታ ነበር፤ ድንኳን ግን አልነበረበትም። በስልሳ ስድስቱ ክፉ ቀን ከአበርገሌና ከዝቋላ ቆላ ተሰደው የመጡ ሰዎች ያረፉበት፣ ከከተማው ዝቅ ብሎ ያለ ድንጋያማ ተዳፋት ነው። ቀኑ ሲያልፍ ድንኳኖቹ ተነቀሉ። አገሩ የሚመለስ ተመለሰ፤ የሚመለስበት ያጣው እዚያው ድንጋይ ለቅሞ ቤት ሠራ። ቤቶቹ ከሌላው የሰቆጣ ቤት የሚለዩበት ነገር የለም። ስሙ ግን ሳይነቀል ቀረ።

አልጣሽ የዚያ ሰፈር ልጅ ናት። አበርገሌ ውስጥ ከኒሯቅ በታች ካለች መንደር ተነስታ በእናቷ በጥሩሐረግ እጅ ተይዛ ስትመጣ ገና ጥርሷን እየለወጠች ነበር። አባቷ መንገድ ላይ ሞተ። የት እንደተቀበረ እናቷ ታውቃለች፤ አልጣሽ የምታስታውሰው ያረፉበትን የግራር ጥላ ብቻ ነው።

ሰፈሯ ምን ማለት እንደሆነ የገባት ትምህርት ቤት ከገባች በኋላ ነው። አንድ ቀን አብራት የምትቀመጥ ልጅ ቤት ሄዳ ስትጫወት አረፈደች። የልጅቱ እናት ፈገግ ብላ፣

"የማን ልጅ ነሽ የኔ ቆንጆ?" አለቻት።

"የጥሩሐረግ።"

"የትኛዋ ጥሩሐረግ?"

"ድንኳን ሰፈር ያለችው።"

ሴትዮዋ አልተቆጣችም። ቆሎ በእፍኟ ሰጠቻትና "በይ እናትሽ ትፈልግሻለች" ብላ እስከ በር ሸኘቻት። በማግስቱ ልጅቱ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። አልጣሽ ለእናቷ አልነገረቻትም። ከዚያ ወዲህ ግን ስትናገር ራሷን ማዳመጥ ጀመረች። ሰቆጣም ውስጥ የአካባቢው አገውኛ፣ ኽምጣና፣ ይነገራል፤ የቆላ ሰው ሲናገረው ዜማው ይለያል። ያንን ዜማ ቀስ በቀስ ከአፏ አወጣችው። አራተኛ ክፍል ደርሳ ትምህርቷን ስታቋርጥ አነጋገሯ ከከተማው ልጆች አይለይም ነበር። ሰው ግን አነጋገሯን ሰምቶ ሳይጨርስ ሰፈሯን ይጠይቃታል።

ደርግ ከገባ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቀበሌው ላይኛው ሰፈር መግቢያ ላይ የሕዝብ ውኃ መቅጃ ቦኖ አስተከለ። የቀበሌው ሊቀመንበር ይግዛው ሕዝቡን ሰብስቦ "ከእንግዲህ የላይ ሰፈር፣ የታች ሰፈር የሚባል የለም። ሁላችንም ሰፊው ሕዝብ ነን" አለ። ያለውን በተግባር ለማሳየትም የቦኖው ጠባቂ ከድንኳን ሰፈር እንድትሆን ወሰነ። ተጨበጨበ። አልጣሽ ያኔ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ነበረች፤ ደመወዝ ልታገኝ መሆኑን ስትሰማ ደስታዋ ልክ አልነበረውም።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ቧንቧውን ከፍታ ተራ አስያዘች። ፊት የቆመችው ሴት ከነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን አመድ ፈታች፤ አልጣሽ የነካችውን የቧንቧ አፍ ፈተገችው፣ አለቀለቀችው፣ ከዚያ እንስራዋን ደቀነች። ሁለተኛዋም እንደዚያው አደረገች። ክፉ ቃል የተናገረ ማንም አልነበረም።

"ቢሰድቡኝ መልስ ነበረኝ" አለች አልጣሽ ማታ ለእናቷ።

ጥሩሐረግ ጥጥ እየፈተለች ነበር። እንዝርቷን አቁማ፣ "ሥራው እንዳያመልጥሽ ብቻ" አለቻት።

እንዳያመልጣት ዘዴ ፈለገች። ቧንቧውን በእጇ መንካት ትታ ከበታች ካለው ማገጃ በቁልፍ መክፈት ለመደች፤ አመዱም ቀረ። ሰውም ተላመዳት፤ እንደ ቦኖው ድንጋይ ተላመዳት ማለት ይሻላል። የከተማው ወሬ ሁሉ እሷ ፊት ነው የሚወራው። ማን ወለደች፣ ማን ከባሏ ተጣላች፣ የማን ልጅ ለብሔራዊ ውትድርና ተያዘ፣ ሁሉን ታውቃለች። ለእሷ ብሎ የሚነግራት ግን አንድ ሰው የለም። አንዳንዴ የሚያስቅ ነገር ስትሰማ አብራ ትስቅና፣ ዘወር ብለው ሲያዩዋት ቁልፏን ማየት ትጀምራለች።

የቦኖው ጠርዝ ሲሰነጠቅ እንዲጠግን የተላከው ግንበኛ ምትኩ ይባላል፤ የላይኛው ሰፈር ልጅ ነው። ፀሐዩ ሲበረታበት፣

"እስቲ ውኃ አጠጪኝ" አላት።

"መጠጫ የለም።"

"ያ ጣሳ የማን ነው?"

"የኔ ነው።"

"ታዲያ ምን ሆነ?" አለና ተቀብሏት ጠጣ። አፉን በክንዱ ጠርጎ ጣሳውን መለሰላትና ሥራውን ቀጠለ። እሷ ግን ጣሳውን ይዛ ቆማ ቀረች።

ጥገናው ካለቀ በኋላም ምትኩ ጀሪካን ይዞ መምጣቱን አልተወም። ሴቶቹ ወንድ ውኃ ሲቀዳ አይተው ይሳሳቃሉ።

"ቤትህ ሴት የለም እንዴ?" አለችው አንድ ቀን።

"እናቴ አለች። ምን ላድርግ፣ እኔ ልምጣ ብዬ ወገቧን አሳመምኩት።"

ሳቀች። ያን ቀን ማንም ዘወር ብሎ አላያትም፤ ተራው አልቆ ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

በመጨረሻ ሽማግሌ እልካለሁ አላት። ጥሩሐረግ ቤቷን ለቀለቀች፤ ከጎረቤት በርጩማ ተዋሰች። እሑድ ጠበቁ፤ የመጣ የለም። የሚቀጥለውንም እሑድ ጠበቁ። በርጩማዎቹ ለየባለቤቶቻቸው ከተመለሱ በኋላ ምትኩ ብቻውን ወደ ቦኖው መጣ። ጀሪካን አልያዘም።

"እናትህ ምን አሉ?" አለችው ቀድማ።

"ስላንቺ ክፉ አልተናገረችም። 'ልጅቱ ጨዋ ናት' ነው ያለችው።"

"እና?"

"'ተጋብተን፣ ዘመድ ሆነን፣ ለቅሶ ሲሆን እኛ ድንኳን ሰፈር ልንወርድ ነው?' አለች።"

"አንተስ ምን አልክ?"

ምትኩ ራሱ የጠገነውን ጠርዝ በጫማው ጫፍ ነካካ። እሷም ደግማ አልጠየቀችውም።

ከፋሲካ በኋላ ሌላ አገባ። ለድግሱ ጠላ ሲጠመቅ እናቱ ወይዘሮ ጸሐይነሽ ወደ ቦኖው መጡ።

"አልጣሽ፣ ጋኑ ሁሉ ባዶ ነው። ዛሬ በምሳ ሰዓትም አትዝጊብን።"

በምሳ ሰዓት መዝጋት የቀበሌው ደንብ ነው። ደንብ ነው ብትላቸው ማንም አይፈርድባትም ነበር።

"እሺ እማማ" አለች።

ሴቶቹ እየተቀባበሉ፣ እልል እያሉ ሲቀዱ ዋሉ። እሷ ቁልፏን ይዛ ፀሐይ ላይ ቆመች። የመጨረሻው እንስራ ሲነሳ ወይዘሮ ጸሐይነሽ፣ "እግዜር ይስጥልኝ። ድርሻሽን እቤትሽ እልክልሻለሁ" አሏት። አትምጪ ማለታቸው እንደሆነ ገባት። እንዳሉትም ሙሽራው በገባ ማግስት በሰፌድ የተሸፈነ እንጀራ በወጥ ተላከ። ጥሩሐረግ ገለጥ አድርጋ አየችና መልሳ ሸፈነችው። እሷም ልጇም አልቀመሱትም።

ሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት መጣ። ዝናቡ ቀረ፤ ከብቱ አለቀ፤ ሰው እንደገና ከቆላው ወደ ሰቆጣ ወጣ። ድንኳኖቹ በዚህ ጊዜ የተተከሉት ከቦኖው ማዶ ባለው ሜዳ ላይ ነው። ይግዛው አልጣሽን ጠርቶ፣

"መጤዎቹ የከተማው ሰው ሲጨርስ ነው የሚቀዱት። ቧንቧውን እንዳይነኩ፤ አንቺ ቅጂላቸው" ብሎ አዘዛት።

ይህ ከይግዛው አፍ መውጣቱ አልገረማትም። የገረማት የራሷ ሰፈር ነው። በስልሳ ስድስት እዚያው ሜዳ አጠገብ እህል የተሰፈረላቸው ሰዎች "በሽታ ይዘው ነው የመጡት" እያሉ ልጆቻቸውን ከድንኳኖቹ ይከለክላሉ። ጥሩሐረግም አስጠነቀቀቻት።

"ልጄ፣ አትጠጊያቸው። ስንት ዓመት ስማችንን ስናጥብ ኖርን። ከነሱ ጋር ቆመሽ ካዩሽ እንደገና ከመጀመሪያው ልንጀምር ነው።"

አልጣሽ እናቷን ሰማች። ለጥቂት ሳምንታት ቅላቸውን ሞልታ መሬት እያስቀመጠች፣ ራቅ እያለች ሠራች።

አንድ ጠዋት የእሷ እኩያ የምትሆን፣ አጥንቷ የገጠጠ ሴት ከተራው መጨረሻ ቀርታ ቆመች። አንድ ትንሽ ወንድ ልጅ ቀሚሷን ይዟል። ቅሏን ከሩቅ ዘረጋች።

"ቀረብ በይ" አለቻት አልጣሽ።

"እዚሁ ይሻለኛል። እናንተ የከተማ ሰዎች ስንጠጋችሁ አትወዱም።"

አልጣሽ ለማን እንደተባለ ለማየት ወደ ኋላዋ ዞረች። ማንም አልነበረም። የከተማ ሰው መባልን ከልጅነቷ ጀምሮ ስትመኘው ኖራለች። የተባለችው ግን እንዲህ ነው፤ በደከመ ድምፅ፣ እንደ ክስ።

"እኔ የከተማ ሰው አይደለሁም" አለቻት በኽምጣና። የድሮውን ዜማ ልታመጣው ሞከረች፤ አልመጣም።

ሴትዮዋ አየት አደረገቻት። "አገርሽ የት ነው?"

"ከኒሯቅ በታች። በስልሳ ስድስት ነው የመጣነው።"

"እኔ የዝቋላ ነኝ። አንቺ ግን የምትናገሪው እንደ ሰቆጣ ሰው ነው" አለች። እንዳላመነቻት ያስታውቃል።

አልጣሽ ቁልፏን መሬት አስቀመጠች። ሄዳ የሴትዮዋን እጅ ያዘች፤ እየሳበች አምጥታ መዳፏን ቧንቧው ላይ አኖረችው።

"ራስሽ ቅጂ" አለቻት።

የላይኛው ሰፈር ሴቶች ገና አልራቁም ነበርና አዩ። በማግስቱ አመዳቸውን ቋጥረው መጡ።

ሴትዮዋ ይታየሽ ትባላለች። ከዚያ ቀን በኋላ ተራው ሲያልቅ መጥታ ከአልጣሽ አጠገብ ድንጋዩ ላይ ትቀመጣለች። በዚያ ሁሉ ዓመት እዚያ ድንጋይ ላይ አብሯት የተቀመጠ ሰው አልነበረም። ይታየሽ ስለ ፍየሎቿ ታወራለች፤ ስለቀበረችው ባሏና ስለ ታላቁ ልጇ ግን አታወራም። አንድ ከሰዓት በኋላ የአልጣሽን ነጠላ ከራሷ ላይ አወረደችና "ይሄ ጸጉር ምነው እንዲህ ተጣለ?" ብላ ትሠራት ጀመር። ከእናቷ እጅ ሌላ ራሷን ነክቶት የሚያውቅ እጅ አልነበረም። አልጣሽ ዓይኗን ጨፍና እንባዋን ለመያዝ ብዙ ታገለች። ይታየሽ አመማት መስሏት እጇን አላላች።

ክረምቱ ሳይገባ እህል የጫኑ መኪኖች በወታደር ታጅበው መጡ። ሲመለሱ ሰው ይዘው እንደሚሄዱ ተወራ።

"ሠፋሪ ብለው ያዙን" አለች ይታየሽ። "ጳዌ የሚባል አገር ነው አሉ። ዝናብ አለ አሉ።"

"አንቺ ፈልገሽ ነው?"

"ማን ጠየቀኝ?"

አልጣሽ ቦኖውን ዘግታ በቀጥታ ይግዛው ዘንድ ሄደች። "ያቺ ሴት ከነልጇ እኔ ቤት ትኑር፤ የምበላውን እንበላለን" ብላ ለመነችው።

ይግዛው ደክሞት ነበር፤ አልጮኸባትም። "እናንተን ራሳችሁን ማን ቆጥሯችሁ ነው ሰው የምታስጠጉት? አርፈሽ ቦኖሽን ጠብቂ። መኪናው ላይ ለአንቺም ቦታ አይጠፋም" አላት።

ያን ምሽት "እኔም ልሂድ ይሆን?" አለች ለእናቷ። ጥሩሐረግ እንዝርቷን ማሾር ቀጠለች። ዓይኗ ከደከመ ቆይቷል፤ ክሩን በጣቷ እየዳሰሰች ነበር የምትፈትለው። አልጣሽ እነዚያን ጣቶች ስታይ ቆይታ፣ ስለ መሄድ ሁለተኛ አላነሳችም።

መኪኖቹ የተንቀሳቀሱት ቦኖው በሚከፈትበት ሰዓት ነው። ሞተር ሲነሳ ሰማች፤ ቁልፏን ጣለች፤ ውኃው እየፈሰሰ ትታው ሮጠች። ስትደርስ ሸራው ወርዷል። "ይታየሽ!" ብላ ጮኸች። ከሸራው ውስጥ አንዲት ሴት "አቤት!" አለች። እሷ ትሁን ሌላ ይታየሽ ሳትለይ መኪናው አቧራውን አንስቶ ሄደ።

ስትመለስ መሬቱ ረግረግ ሆኗል። ወይዘሮ ጸሐይነሽ እንስራቸውን አስቀምጠው፣

"ውኃውን ለማን ጥለሽ ነው የምትሄጂ?" አሏት።

"ሰው ልሸኝ ነው እማማ።"

"ምን ሰው አለሽ አንቺ?"

በክፋት አልነበረም የጠየቋት፤ በእርግጥ ስለማያውቁ ነው። አልጣሽ ቁልፏን ከጭቃው ፈልጋ አነሳችና ተራ አስያዘች።

ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት ብዙ ወሬ የላቸውም። ሜዳው ላይ የነበሩት ድንኳኖች ተነሱ። ጥሩሐረግ በሰባ ዘጠኝ ዐረፈች፤ የድንኳን ሰፈር ሰው ቀበራት። አልጣሽ ባል አላገባችም። ጠዋት ትከፍታለች፤ በምሳ ሰዓት ትዘጋለች።

በሰማንያ ግድም ከሠፈራ እያመለጡ በእግራቸው የሚመለሱ ሰዎች በሰቆጣ ያልፉ ጀመር። አልጣሽ በአለባበሳቸው ትለያቸዋለች። አንድ ቀን እግሩ ያበጠ ሰውዬ ውኃ ለመናት፤ በጣሳዋ ሰጠችው።

"ከጳዌ ነህ?"

"ከዚያው ነኝ።"

"ይታየሽ የምትባል የዝቋላ ሴት ታውቅ እንደሆን? ከአንድ ወንድ ልጅ ጋር ነው የሄደችው።"

ሰውየው ጠጥቶ ተነፈሰ። "መንደሯ የትኛው ነው? እዚያ መንደሩ በቁጥር ነው የሚጠራ። ቁጥሩን ካላወቅሽ ሰው አይገኝም።"

"ቁጥሩን አላውቀውም።"

"እንግዲህ" አለና ጣሳውን መለሰላት። በትሩን ተመርኩዞ ወደ ዝቋላ የሚወስደውን መንገድ ያዘ። ተራ የደረሳት ሴት እንስራዋን አስጠጋች።