ሎሚ የነካው ኮክ

እህቴ ታናሼ ናት። እናታችን ስትሞት የቤቱ ሥራ እኔ ላይ ስለወደቀ ከአራተኛ ክፍል አቋረጥኩ፤ እሷ ግን ቀጠለች። በደርግ ጊዜ ከላሊበላ ተነስታ የግብርና ኮሌጅ የገባች ሴት ልጅ ብርቅ ነበረች። አባታችን በየለቅሶውና በየሰንበቴው ስለ እሷ ሲያወሩ እኔ ጠላ እቀዳ ነበር።

ቤታችን ከአሸተን ማርያም በታች፣ ዳገቱ ረገብ የሚልበት ላይ ነው። የጓሮውን የኮክ ዛፎች የምኮተኩተው፣ ወፍ የምጠብቀው፣ ፍሬውን በአውራ ጣቴ ጫን እያልኩ መብሰሉን የምለየው እኔ ነበርኩ። ያም ሆኖ ኮኩ ሁሉ ባንዴ ይደርስና ኩልመስክ ገበያ እስክናደርሰው እኩሌታው ይበሰብስብን ነበር።

አንድ ክረምት እህቴ ለእረፍት መጣች። በማግስቱ አባታችን የተበላሸውን ለይቼ ስጥል አዩና፣ «ለመሆኑ ይሄን የሚያበሰብሰው ምንድን ነው? ኮሌጁ ይሄን አያስተምርም?» ብለው እሷን ጠየቋት።

«ያስተምራል፣ አባዬ። ሎሚ አለ?»

ሎሚውን ያመጣሁላት እኔ ነኝ። አንድ ኮክ ለሁለት ከፈለችና አንዱን ግማሽ በሎሚ አሸችው፤ ሌላውን እንዲሁ ተወችው። ሁለቱንም ሰሃን ላይ አስቀምጣ «ቆይተን እንየው» አለች። እኔ ሽሮዬን እያማሰልኩ ሰሃኑን በጎን አየው ነበር። ሎሚ የነካውም እንዲጠቁር ተመኘሁ፤ ስለት ለመሳል ምንም አልቀረኝም።

አልጠቆረም። ባዶው ግማሽ ቡናማ ሲሆን የሎሚው እንደተቆረጠ ቢጫ ሆኖ ቀረ።

«ያጠቆረው አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ነው፤ ብረት እንደሚያዝገው» አለች። «ሎሚ ውስጥ ደግሞ ይህን የሚከላከል አለ፣ ቫይታሚን ሲ የሚሉት። ኮኩም የራሱ ተከላካይ አለው። ፍሬ ሲበስል ይተነፍሳል፤ ሲተነፍስ ውስጡን የሚያቃጥል ነገር ይፈጠራል። በልኩ ሲሆን መብሰሉን ያግዘዋል። ተከላካዩ ሲደክም ግን እያላመ ያበሰብሰዋል።»

አባታችን እንደ ስብከት ነበር የሚያዳምጧት። «እስቲ ድገሚልኝ» አሉ። ደገመችላቸው። ጎረቤታችን የነበሩትን መሪጌታ ጠርተው ሰሃኑን አሳዩዋቸውና «የኔ ልጅ ናት» አሉ። እኔም እዚያው በሩ ላይ ቆሜ ነበር።

ዝም ማለት አቃተኝ። «ታዲያ ወፍ የነካው ለምን ቀድሞ ይበስላል?» አልኳት።

«ስለቆሰለ ነዋ፣ እታለም። ሲቆስል የሚያቃጥለው ይበዛበታል፤ ለመብሰልም ለመበስበስም ይቸኩላል።»

በትህትና ነው የመለሰችልኝ። ትህትናዋ ባሰብኝ። ብትኮራብኝ ኖሮ የምጠላበት ምክንያት አገኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ኮክ የሚለቀምበትን ቀን የምትቆርጠው እሷ ሆነች። ገና ጠንከር እንዳለ፣ አረንጓዴው ወደ ቢጫ ሲያደላ እንድንለቅመው አዘዘች። የቆሰለውን ለየን፤ ደህናውን ሳንቆልል ከቤቱ ጀርባ ባለው ቀዝቃዛ ዋሻ ውስጥ ጭድ ላይ ዘረጋነው። አባታችን በአህያ ጭነው ኩልመስክ ደርሰው ሲመለሱ «የተበላሸው ከእፍኝ አይበልጥም» አሉ። ይህን ሲሉ ያዩት እሷን ብቻ ነበር። እኔ በለቀማው ወገቤ ተቆርጦ ጋደም ብያለሁ።

በሚቀጥለው ክረምት ተማሪዎች ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ስለተላኩ አልመጣችም። አባታችን «አንቺ አይተሻል፤ እንደሷ አድርጊው» አሉኝ። አደረግሁት። ኮኩ በደህና ገበያ ደረሰ። ሲመለሱ ገና ከአህያው ጭነት ሳያወርዱ «ልጄን ካለችበት እግዜር ይጠብቅልኝ» አሉ። በሌለችበትም በለጠችኝ።

«አባዬ፣ መስከረም ላይ ትምህርት ቤት ልመዘገብ ነው» አልኳቸው።

የጭነቱን ገመድ መፍታት ጀመሩ። «በዚህ ዕድሜሽ? ዛፉንስ ማን ያየዋል?»

«ከትምህርት ስመለስ እኔው አየዋለሁ።»

«ምን ልሁን ብለሽ ነው?»

«ሲቸግርዎ እኔንም እንዲጠይቁኝ ነው።»

አልከለከሉኝም። አምስተኛ ክፍል ገባሁ፤ የእኩዮቼ ልጆች አጠገብ ተቀመጥኩ።

እህቴ ከዘመቻ ከስታ፣ ፊቷ በፀሐይ ጠቁሮ ተመለሰች። ትምህርት መጀመሬን ስነግራት አንገቴን አቅፋ አለቀሰች። እኔ ግን እንባዬ አልመጣም።

«አንቺ አምስተኛን ስንተኛ ወጥተሽ ነው ያለፍሽው?» አልኳት።

«ሁለተኛ መሰለኝ። ምነው?»

«እንዲያው ነው» አልኳት። እኔ በዚያ ዓመት አንደኛ ወጣሁ።