ደጫቱ የወሰደው መንጋጋ

ሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርኩት ፈረንሳይኛ በሃያ ሦስት ዓመቴ ሥራ አስገኘልኝ። ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ ካለው ገደል፣ ከአንድ ዋሻ ውስጥ የጥንት አጥንት ለሚያስቆፍሩ ሽማግሌ ፈረንሳዊ አስተርጓሚና ጸሐፊ ሆንኩ። እንደ ከተማው ልማድ “ሙሴ”፣ በፈረንሳይኛ አቶ እንደማለት፣ እንላቸው ነበር። በአገራቸው የተከበሩ ምሁር ናቸው፤ ያስተማሯቸው ሰዎች በየአህጉሩ ይቆፍራሉ። ዓይናቸው ግን እየደከመ ነበር። ከዚህ በኋላ ሌላ ጉዞ እንደማይኖራቸው ያውቁታል።

በሦስተኛው ወር የቆፋሪዎቹ አለቃ አንድ የሰው መንጋጋ አገኙ። እኚህ አዛውንት ሶማሌ ነበሩ፤ ሁላችንም “አዴር”፣ አጎቴ እንደማለት፣ ነበር የምንላቸው። አጥንቱ ድንጋይ ሆኗል፤ አራት ጥርስ አለው። ሙሴ በመርፌና በብሩሽ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ተንበርክከው አወጡት። እጄ ላይ አስቀምጠውልኝ፣ “ይህ ሰው ከእኛ በፊት እዚህ ቁጭ ብሎ ምሳውን በልቷል” አሉኝ።

አጥንቶቹን ወደ ፈረንሳይ የመላኪያው ፈቃድ ዘገየ። መንጋጋውና ሌሎቹ አጥንቶች የታሸጉባቸውን ሳጥኖች ለባቡሩ እንዲቀርቡ ብዬ ደጫቱ ወንዝ ዳር ያለ መጋዘን እናስቀምጣቸው ያልኩት እኔ ነኝ።

“ወንዙስ?” አሉ ሙሴ።

“ደረቅ አሸዋ እኮ ነው። ዝናብም የለም።”

“የአገሩ ልጅ አንቺ ነሽ” ብለው ተስማሙ።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ፣ ከተማው ላይ ፀሐይ እያቃጠለች፣ ጎርፉ መጣ። ለካ ደጋው ላይ ዘንቦ ኖሯል። ሮጬ ስደርስ የመጋዘኑ የጀርባ ግድግዳ የለም። ግድግዳውና ሳጥኖቹ በነበሩበት ቡናማ ውሃ ይጋልባል።

በማግስቱ ውሃው ጎደለ። አዴር ሰዎቻቸውን ይዘው አሸዋውን በእህል ወንፊት መንፋት ጀመሩ። ሁለት ሳምንት ፈለግን። የሰማ ሁሉ ያገኘውን አጥንት ያመጣል፤ የግመል፣ የፍየል፣ የአህያ። ሙሴ ወንዙ ዳር ወንበር ላይ ተቀምጠው እያንዳንዱን በአውራ ጣታቸው ይዳብሳሉ። “አይደለም” ይሉና መሬት ያስቀምጡታል።

አንድ ቀን ግን አንዱን ይዘው ቆዩ። አውራ ጣታቸው ጥርሱ ላይ ይመላለሳል።

“ጥርሱን እዪልኝ” አሉኝ።

አየሁት። የበግ ነው። አንድ ደቂቃ እንኳ ደስ ይበላቸው ብዬ ልዋሽ አሰብኩ፤ አፌ እምቢ አለኝ። ስነግራቸው ድምፅ ሳያሰሙ አለቀሱ። አዴር አጠገባቸው አሸዋው ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ያዙላቸው። አንዱ የሌላውን ቋንቋ አያውቅም።

ባቡር ጣቢያ ስሸኛቸው፣ “ሙሴ፣ መጋዘኑን የመረጥኩት እኔ ነኝ” አልኳቸው።

“አዎ፣ አንቺ ነሽ” አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም። ይቅርታም አልነበረበትም። ከዚያ ተሳፈሩ።

ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ተማሪያቸው ጻፈልኝ። ሙሴ ዓይናቸው ፈጽሞ ሳይጠፋ መንጋጋውን ከትዝታቸው በሥዕል ስለውት፣ እኔ በታይፕ ከመታሁት ልኬት ጋር ለምሁራኑ አቅርበውት ነበር። “አጥንቱ የታለ?” ተባሉ። ሲከራከሩ ከርመው በመጨረሻ ተዉት፤ በዚያው ክረምት አረፉ።

እኔ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ጨርቃ ጨርቅ መደብር ውስጥ ጸሐፊ ሆንኩ። ጎርፍ በጎደለ ቁጥር ግን ወደ አሸዋው እወርዳለሁ። ልጆቼ ምን እንደምፈልግ ሲጠይቁኝ ቀለበት ጠፍቶብኝ ነው እላቸዋለሁ፤ እነሱም አጎንብሰው አብረውኝ ይፈልጋሉ።