አሞሮቹ እንዳይወርዱ

ይህ የሆነው አምና በጥር፣ ከከተራ በፊት በነበረው ቅዳሜ ነው። ጊዜው ረዘም ቢልም ሰማይ ላይ የሚዞር አሞራ ባየሁ ቁጥር ያቺ ጠዋት ትመጣብኛለች። 

የምኖረው ሸጎሌ ነው፤ ከባለቤቴ፣ ከልጃችንና ከባለቤቴ አባት ጋር። የባለቤቴ አባት አቶ በላይነህ ዕድሜያቸውን ሙሉ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። ስኳር ሲገኝባቸው ሐኪሙ በእግር እንዲሄዱ አዘዛቸው፤ እሳቸው ደግሞ ብቻቸውን መሄድ አይወዱም። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ባለቤቴ ልጁን ይዞ ቤት ይቀራል፣ እኔና አባባ ወደ እንጦጦ በኩል ያለውን ዳገት እንያያዘዋለን።

እውነቱን ለመናገር እኔ የምወጣው ለእግር ጉዞው ብቻ አይደለም። አሞራ ለማየት ነው። በወሊድ ፈቃድ ላይ ሳለሁ ከመኝታ ቤታችን መስኮት ትይዩ ያለ ባህር ዛፍ ላይ ጭልፊቶች ጎጆ ሠርተው ነበር። እኔ ልጄን ሳጠባ እነሱ ጫጩታቸውን ሲያበሉ እያየሁ ከረምኩ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ አልለቀቀኝም። ባይኖኩላር ገዛሁ። ጅራቱ መሃል ላይ የተሰነጠቀው ጭላት እንደሆነ፣ ጅራቱ የሸክላ ቀለም ያለው ደግሞ ጭልፊት እንደሆነ፣ ትልልቆቹ ጥንብ አንሳ አሞሮች ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ ረጅም ሰዓት እንደሚዞሩ ቀስ በቀስ ለየሁ።

አባባ ሁሉንም "አሞራ" ነው የሚሏቸው። ነገር ግን ዓይናቸው ከእኔ ይፈጥናል። አሞራ ሊያርፍ ሲል እግሮቹን ወደ ታች ያንጠለጥላል። ያን ጊዜ አባባ "ጎማ አወረደ!" ይሉና ይስቃሉ።

የዚያን ቀን ጠዋት ብርዱ ጠንከር ያለ ነበር። ከሰፈሩ በላይ ካለው ፈፋ አፋፍ ላይ ስንደርስ ከታች ሜዳው ላይ የሞተ በግ ተጋድሞ አየሁ። የከብት ገበያው ሩቅ ስላልሆነ የሞተ እንስሳ እዚያ ተጥሎ ማየት አዲስ አይደለም። ከፈፋው ማዶ ባህር ዛፎቹ ላይ ትልልቅ አሞሮች ትከሻቸውን ሰብስበው ተቀምጠዋል። ፀሐይ እየጠበቁ ነበር። ከባድ ስለሆኑ መሬቱ ሞቆ አየሩ ወደ ላይ እስኪያነሳቸው ድረስ መብረር አይወዱም።

በጣም ደስ አለኝ። እንደዚያ በቅርብ ሲመገቡ አይቼ አላውቅም ነበር። "አባባ፣ እዚህ ድንጋይ ላይ እንቀመጥ፤ ዛሬ ድግስ እናያለን" አልኳቸው።

መጀመሪያ የመጣው ጭላት ነው። ሳያርፍ ተወርውሮ ወርዶ ከበጉ ላይ ቁራጭ ሥጋ ነጠቀና በአየር ላይ እየበላ ሄደ። እንደ ልማዱ ነው። ትንሽ ቆይቶ የመብራት ምሰሶ ላይ አረፈ። ቀጥሎ ያየሁትን ግን ለማመን ከበደኝ። ክንፎቹ ወደ ጎን ተንጠለጠሉ። ሰውነቱ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ እንደ ጨርቅ ወደቀ።

ባይኖኩላሩን ወደ ወደቀበት አዞርኩ። በጀርባው ተንጋሎ ጥፍሮቹን ይጨብጣል፣ ይዘረጋል። ብዙም ሳይቆይ ዝም አለ።

ወደ በጉ ተመለስኩ። አጠገቡ የወዳደቁት ጥቁር ነገሮች የፌስታል ቁራጭ መስለውኝ ነበር። ቁራዎች ናቸው። ሞተዋል። የበጉ ሆድ ደግሞ አውሬ የቀደደው አልነበረም፤ በቢላ ቀጥ ተደርጎ ተከፍቷል። ሥጋው ላይ ሰማያዊ ዱቄት የመሰለ ነገር ተነስንሷል።

"አባባ፣ በጉ ተመርዟል" አልኩ። 

"ማን ነው ለአሞራ መርዝ የሚያበላው?"

"እንጃ። ግን አሁን ፀሐይ ትወጣለች።"

ለምን እንደፈራሁ ልንገራችሁ። ጥንብ አንሳዎች ምግብ የሚያገኙት እርስ በርስ እየተያዩ ነው። ሰማይ ላይ ተራርቀው ይዞሩና አንዱ ሲወርድ ቅርቡ ያለው ያየዋል፤ እሱ አቅጣጫውን ሲለውጥ ደግሞ ከእሱ ወዲያ ያለው ያያል። በዚህ ዓይነት ከሩቅ ድረስ ይጠራራሉ። አንድ አሞራ እዚያ በግ ላይ ካረፈ፣ በዚያ ሰማይ ላይ ያለው በሙሉ ተከትሎት ይወርዳል። የሚፈለፍሉት ደግሞ በዓመት ቢበዛ አንድ ጫጩት ነው። የመጀመሪያው እንዳያርፍ ማድረግ ነበረብን፤ ሌላ ምርጫ አልነበረም።

"እርስዎ እዚሁ ይቆዩ፤ እኔ ልውረድ" አልኳቸው።

"እዚህ ቆሜ ምን ልሥራ? ላጨብጭብ?" አሉና ከዘራቸውን ይዘው ተከተሉኝ።

ቁልቁለቱን እየተንሸራተትን ወረድን። በጉ አጠገብ ስንደርስ ፀሐይዋ ከጋራው በላይ ብቅ አለች። ከባህር ዛፉ ላይ አንዱ ተነሳ፣ ቀጥሎ ሌላው። ብዙም ሳይቆይ ከራሳችን በላይ ይዞሩ ጀመር። ጥላቸው ሣሩ ላይ ይሄዳል። እኔ ጃኬቴን አውልቄ እያወዛወዝኩ ጮህኩ። አባባ ከዘራቸውን ወደ ላይ አንስተው በመኪና ረዳት ድምፅ ይጮሃሉ። ከላይ በመንገዱ የሚያልፉ ሰዎች ቆም ብለው አዩን፤ አንዳንዶቹ ሳቁ። እኔም በሌላ ቀን ብሆን እስቅ ነበር።

በመሃል የእንስሳት ሐኪም ለሆነችው ጓደኛዬ ለሰላም ደወልኩላት። ነገሩን ስነግራት ድምጿ ተለወጠ።

"በእጅሽ እንዳትነኪው! ትሰሚኛለሽ? ውሻም ልጅም አታስጠጉ። በጥልቀት ቆፍራችሁ ቅበሩት፤ የሞቱትንም ወፎች አብራችሁ።"

"በምን ልቆፍር? ምንም የለኝም።"

"ሰው ጥሪ።"

ባለቤቴ ስልኩን አያነሳም፤ ሌላ ሰው ለመጥራት ደግሞ በጉን ትቼ መሄድ አለብኝ። ከበጉ ከተለየሁ ይወርዳሉ። ቆምኩ። አሞሮቹ እየዞሩ ዝቅ አሉ፤ አንገታቸውን አጎንብሰው እኛን ሲያዩ ያለ ባይኖኩላር ይታየኛል። ከመካከላቸው አንደኛው ከሌሎቹ ይተልቃል። ላባው ጫፍ ጫፉ ላይ ነጭ ጠርዝ አለው፤ ከሩቅ የዓሣ ቅርፊት ይመስላል። እሱ ብቻ በጩኸታችን አልተበገረም።

"ጎማ አወረደ!" ብለው አባባ ጮኹ። ይህን ጊዜ አልሳቁም። ሁለታችንም ወደ እሱ ሮጥን፤ እግሩን ሰብስቦ ተነሳ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተመለሰ። አሁንም አባረርነው።

እንደዚህ እያልን ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም። ድንገት የአባባ ድምፅ እንደጠፋ ልብ አልኩ። ዞር ስል ከዘራቸው ላይ ተደግፈው ቆመዋል። ግንባራቸው በላብ ርሷል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል።

"አባባ?"

"ደህና ነኝ... መኪናው... ደህና ነኝ።"

ምን ለማለት እንደፈለጉ አልገባኝም። ስኳራቸው እንደወረደ ግን ገባኝ። በጉንም አሞራውንም ረስቼ ሮጥኩ። ደግፌ አስቀመጥኳቸው። ቦርሳዬ ውስጥ ለእሳቸው ብዬ የምይዘው ከረሜላ አለ፤ ወረቀቱን መላጥ አቃተኝና በጥርሴ ቀደድኩት። አፋቸው ውስጥ አደረግኩላቸው። ሌላም ጨመርኩ።

"ይምጠጡት አባባ። እባክዎ ይምጠጡት።"

ከኋላዬ ትልቅ ሸራ በነፋስ ሲመታ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ሰማሁ።

ስዞር ትልቁ አሞራ በጉ ላይ ቆሟል። አንገቱን ወደ በጉ ሆድ አስገብቶ ጎተተ፣ አወጣ፣ ዋጠ። ድንጋይ አንስቼ ወረወርኩ፤ ሳትኩት። እየጮህኩ ሮጥኩበት። ክንፉን ዘርግቶ በእግሩ ነጠር ነጠር ብሎ ተነሳና ፈፋውን ተሻግሮ ከባህር ዛፎቹ ጀርባ ጠፋ። ያ ሁሉ የቆየው ጥቂት ጊዜ ነው። ግን ውጧል። አይቼዋለሁ።

ቀና ስል ሌሎቹ ክንፋቸውን ሰብሰብ አድርገው እየወረዱ ነው።

በዚህ መሃል አንድ ጎልማሳ ዱላ ይዞ ከሰፈሩ በኩል እየሮጠ መጣ። ሊረዳን የመጣ መስሎኝ "ቶሎ!" አልኩት።

"ምን አገባችሁ?" ብሎ ጮኸብኝ። "ለምንድን ነው በጩኸታችሁ ውሾቹ እንዳይጠጉ የምታደርጉት? ሌሊቱን ሙሉ ስለፋበት ያደርኩትን!"

"አንተ ነህ መርዝ ያደረግህበት?"

"አዎ እኔ ነኝ! ምን ልትሆኚ ነው?"

በሕይወቴ እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። የሞተውን ጭላት፣ ቁራዎቹን፣ ሰማዩን እያሳየሁ ምን እንዳልኩት በቅጡ አላስታውስም። እሱም ይጮሃል። ዱላውን ከፍ አደረገ፤ ሊመታኝ ይሁን አሞራ ሊያባርር እስከዛሬ አላውቅም። ወደ ኋላ አላልኩም። 

"ልጄን ፊቷን ነክሰዋታል!" አለ በመጨረሻ። "የሰፈር ውሾች። ከጉንጯ ሥጋ ወስደዋል። አንቺ ለአሞራ ታለቅሻለሽ!"



ያኔ አባባ ከተቀመጡበት ሆነው፣ ገና ከረሜላው አፋቸው ውስጥ እያለ፣ "ልጅህ አሁን እንዴት ናት?" አሉት።

ሰውየው ዞሮ አያቸው። አንድ ሽማግሌ ከሣሩ ላይ ተቀምጠው፣ ላብ በላብ ሆነው፣ ስለ ልጁ ይጠይቁታል። ዱላው ቀስ ብሎ ወረደ።

"መርፌ እየተወጋች ነው አባቴ። ሲመሽ እንቅልፍ እምቢ ትላለች። ውሻ ሲጮህ በሰማች ቁጥር ፊቷን ትሸፍናለች።"

"እግዚአብሔር ይማራት። ስምህ ማነው?"

"ግርማ።"

"ግርማ፣ የሰፈር ልጆች እዚህ ይጫወታሉ አይደል? ይሄ መርዝ ውሻ ከልጅ ይለያል?"

ግርማ ወደ በጉ አየ፣ ወደ ቁራዎቹ አየ። ጭላቱ ወደ ወደቀበት ሄዶ ቆመ። ሲመለስ ፊቱ ሌላ ነበር። "አሞራ ልገድል ብዬ አይደለም" አለ፤ ለማን እንደሚናገር እንጃ። ከዚያ እየሮጠ ወደ ሰፈሩ ሄደ።

የሸሸ መስሎኝ ነበር። ዶማና አካፋ ይዞ፣ አንድ ጎረቤቱን አስከትሎ ተመለሰ። እነሱ ሲቆፍሩ እኔ ጃኬቴን እያወዛወዝኩ ሰማዩን ጠበቅሁ። ጥር ነውና መሬቱ ደርቋል፤ ዶማው ብረት እንደመታ ይጮሃል። አሞሮቹ እየወረዱ፣ እየተመለሱ ቆዩ። በጉን በአካፋ ገፍተው ጉድጓዱ ውስጥ ከጨመሩት፣ ወፎቹንም ከጨመሩ፣ አፈሩንና ድንጋዩን ከመለሱ በኋላ እንኳ ለተወሰነ ጊዜ ዞሩ። ቀስ በቀስ ከፍ አሉ። አንድ በአንድ ወደ እንጦጦ ጀርባ ተበታተኑ።

አባባ በእግራቸው ነው ወደ ቤት የተመለሱት፤ በግርማ ክንድ ተደግፈው። መንገድ ላይ ትልቁ አሞራ ከበጉ እንደዋጠ ለግርማ ነገርኩት።

በማግስቱ እሁድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ግርማ በራችን ላይ ቆሞ ጠበቀን። "አገኘሁት" አለኝ። የትኛውን እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

ከፈፋው ማዶ፣ ከባህር ዛፎቹ ሥር ወድቋል። አንድ ክንፉ ተዘርግቷል፣ አንዱ ከሥሩ ታጥፏል። በዚያ ቅርበት አይቼው ስለማላውቅ ትልቅነቱ አስደነገጠኝ። ግርማ እጆቹን በላስቲክ ጠቅልሎ የታጠፈውን ክንፍ ቀስ ብሎ ዘረጋው። ከዚያ ከአንዱ ክንፍ ጫፍ እስከ ሌላው ድረስ በዓይኑ ለካው። ከእሱ ቁመት ይበልጣል።

"ወንድ ነው ሴት?" አለኝ።

"ከውጭ አይለይም።"

ራሱን ነቀነቀ። ጉድጓዱን ብቻውን ቆፈረ፤ ጎረቤቱን አልጠራም። ሌላ አውሬ ቆፍሮ እንዳያወጣው ብሎ ከላይ ድንጋይ ከመረበት። እኔና አባባ ቆመን አየነው።

የግርማ ልጅ መርፌዋን ጨርሳለች። ጉንጯ ላይ ጠባሳ ቀርቷል። መንገድ ላይ ስንገናኝ ከአባቷ ጀርባ ሆና ሰላም ትለኛለች። ግርማም ሁልጊዜ ስለ አባባ ጤና ይጠይቀኛል። ይቅር ብዬው እንደሆነ ራሴን ስጠይቅ መልሱን አላገኘውም። የእኔ ልጅ ፊት ቢሆን ኖሮ ምን አደርግ እንደነበርም አላውቅም፤ አላደርገውም ብዬ ለመማል አልደፍርም።

አንድ ነገር ግን አልነገርኩትም። እንደዚያ ዓይነቶቹ አሞሮች በዚያ ወቅት ገደል ላይ ጫጩት ሊኖራቸው ይችላል። እናትና አባት ተራ ገብተው ነው የሚያሳድጉት፤ አንዱ ሲቀር ሌላው ጫጩቱን መጠበቅም መመገብም አይችልም። ያን እሁድ ድንጋዩን ሲከምር ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ፊቷ የቆሰለ ልጅ ያለችው አባት ነው። ዋጥኩት። እሱ የሚያውቀው አንድ አሞራ እንደሞተ ነው፤ እንደዚያው እንዲያውቅ ትቼዋለሁ።